ከ«ለቀምት» ቡና እስከ ቴሌግራም ሱቅ፦ ጠባብ ገበያ በወለጋ

በዓለም የቡና ንግድ የወለጋ ቡና ከሚታወቅባቸው ስሞች አንዱ «ለቀምት» ነው፤ ይህም ዛሬ ነቀምት ተብላ የምትጠራው ከተማ የቀድሞ የአማርኛ አጠራር ሲሆን፣ በአገር ቤት ከተረሳ በኋላም በጆንያ ላይ ተጽፎ ባሕር መሻገሩን አላቋረጠም። ስሙ በጥብቅ ሲመረመር ትንሽ ያሳስታል፤ ቡናው በብዛት የሚበቅለው በከተማዋ ጓሮ ሳይሆን ከእርሷ በስተምዕራብ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢዶሎና በአንፊሎ በኩል ሲሆን፣ ነቀምት ግን ከአዲስ አበባ፣ ከጊምቢ፣ ከበደሌና ዓባይን ተሻግሮ ከቡሬ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት የመሰብሰቢያ ከተማ በመሆኗ ስሟን ለሸቀጡ አውሳዋለች። ለሩቁ ቡና ቆዪ ግን «ለቀምት» ማለት የቦታ አድራሻ ሳይሆን የጣዕም ቃል ኪዳን ነው፤ ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ሲፈላ የፍራፍሬ ቃና የሚሰጥ ቡና እንደሚደርሰው ስሙን ሰምቶ ብቻ ይጠብቃል፣ ይህን ቃና የማይወድ ገዢም ስሙን ሰምቶ ያልፈዋል።

ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢዶሎ ስልኩን ይዞ በኢንተርኔት ለመሸጥ የሚነሳ ወጣት በእንግሊዝኛ «ኒሽ» ማርኬቲንግ ሲባል የሚሰማው ጽንሰ ሐሳብ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሐውልት ወይም ዕቃ እንዲቀመጥበት በግድግዳ ውስጥ የሚተውን ጎድጓዳ ስፍራ ያመለክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጆሴፍ ግሪኔል አንዲት ወፍ ከሌሎች ጋር ሳትጋፋ ለመኖር የምትችልበትን አካባቢና የአኗኗር ሁኔታ ለመግለጽ ቃሉን ተጠቀመበት፤ ወደ ንግድ ሲገባም ያንኑ ትርጉም ይዞ፣ አንድ ሻጭ ከትልልቆቹ ጋር ሳይጋፋ የሚያገለግለውን፣ ፍላጎቱ ተለይቶ የሚታወቅ የገዢ ወገን ለማመልከት ዋለ። በዚህ ጽሑፍ «ጠባብ ገበያ» የሚለው ሐረግ ተመርጧል፤ ጠባብነቱ የሰውን ብዛት እንጂ የትርፉን ልክ እንደማይገልጽ ግን ከመነሻው ልብ ሊባል ይገባል።

የ«ለቀምት» ታሪክ ሁለተኛ ገጽታም አለው። ስሙ ከአገር አገር ሲዞር ባለቤት አልነበረውም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ የንግድ ምልክት እንዲመዘገብላቸው ያመለከተው ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ቡናዎች ሲሆን፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነሳውና በ1999 ዓ.ም. በስምምነት የተቋጨው ውዝግብ እነዚህን ሦስት ስሞች በዓለም ዘንድ ይበልጥ ሲያስጠራ፣ «ለቀምት» በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምርም ምርቱ የሚለየው በአካባቢ ምድብና በደረጃ ሆነ፤ የነጆው ገበሬ ለቡናው ያደረገው የተለየ ጥንቃቄ ከጎረቤቱ ምርት ጋር በአንድ ምድብ ስም ተጠቃለለ። ገዢው ስሙን ያውቅ ነበር፣ ያመረተውን ሰው ግን አያውቀውም ነበር፤ አምራቹም ቡናው በማን ቤት እንደተፈላ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ጀማሪ ሱቁን በቴሌግራም ከመክፈቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፤ ሽያጩ ካለቀ በኋላ የገዢው ስምና አድራሻ በማን እጅ ይቀራል?

ሁሉንም የሚሸጥ ቻናል

በወለጋ ከተሞች የሚከፈቱ አብዛኞቹ የኦንላይን ሱቆች አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ወጣቱ የቴሌግራም ቻናል፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚለጥፍበትና ተከታዮቹ የሚያነቡበት ገጽ ይከፍታል፤ ከመርካቶ አከፋፋዮች ቻናል የወሰዳቸውን የጫማ፣ የሽቶ፣ የስልክ ሽፋንና የወጥ ቤት ዕቃ ፎቶዎች ይለጥፋል፤ በዋጋው ላይ የራሱን ጭማሪ አድርጎ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ ይጽፋል። ይህ አሠራር ካፒታል አይጠይቅም፤ ድክመቱም እዚያው ነው፤ ምክንያቱም ያው ፎቶ በመቶ ሌሎች ቻናሎች ላይ ስላለ፣ ገዢው ለማወዳደር የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፣ በዋጋ ፉክክር ደግሞ የነቀምቱ ሻጭ ከመርካቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለሚገኝ ተሸናፊነቱ ከወዲሁ የተወሰነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዌንዴል ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ገበያን እንደ አንድ ወጥ ሕዝብ ከማየት ይልቅ ፍላጎታቸው በሚመሳሰል ወገኖች ከፍሎ ማየት እንደሚገባ የጻፈው ጽሑፍ የገበያ ክፍፍል ለሚባለው ትምህርት መሠረት ከጣሉት ይቆጠራል። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላም ክሪስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 «ረጅሙ ጭራ» ብሎ በሰየመው ሐሳብ፣ የመደርደሪያ ኪራይ በሌለበት ገበያ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚፈልጓቸው ሸቀጦች ተደምረው ከታዋቂዎቹ ጋር የሚፎካከር ሽያጭ ሊያስገኙ እንደሚችሉ ተከራከረ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንደርሰን ዋና ምሳሌዎች ሙዚቃና መጻሕፍትን የመሳሰሉ፣ ማጓጓዣቸው ቀላል ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሸቀጦች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በነቀምት መደርደሪያው በእርግጥ ነጻ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ነጻ አይደለም። ስለዚህ በወለጋ የሚመረጥ ጠባብ ገበያ ሻጩ ከሌላው በተሻለ የሚያውቀው፣ ገዢው ደጋግሞ የሚፈልገውና የመንገዱን ወጪ ችሎ የሚያተርፍ መሆን ይኖርበታል፤ ከሦስቱ መመዘኛዎች መካከል ጀማሪዎች አዘውትረው የሚረሱት የመጨረሻውን ነው።

አንጮቴ እንደ ምሳሌ

ለዚህ አንጮቴን ያህል ጥሩ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። አንጮቴ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በተለይም በወለጋ፣ በጓሮ የሚተከል ሐረግ ሲሆን፣ የሚበላው በዋናነት ከመሬት በታች የሚያፈራው ሥሩ ነው። በመስቀል ሰሞን በነቀምት ገበያ አፈር ያልረገፈለት አንጮቴ በጆንያና በቅርጫት ተደርድሮ ይታያል፤ በየቤቱም ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ከተላጠ በኋላ በቅቤና በቅመም ተዋዝቶ ለበዓል ማዕድ ይቀርባል። ለወለደች ሴትና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው መስጠትም የቆየ ልማድ ነው፤ ተመራማሪዎችም ከሌሎች የሥራሥር ምግቦች ጋር ሲነጻጸር ካልሲየም በብዛት እንዳለው አረጋግጠዋል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ግን አንጮቴን በስሙ እንኳ የማያውቀው ሰው ብዙ ነው።

ተራ ነጋዴ ይህን አለመታወቅ እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል፤ ለጠባብ ገበያ ሻጭ ግን ትልቁ ሀብት ይኸው ነው። አንጮቴን የሚፈልገው ሰው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል፦ ወለጋ ተወልዶ አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ባሕር ማዶ የሚኖር፣ በመስከረም ወር የእናቱን ቤት ሽታ የሚናፍቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ገዢ ስለ አንጮቴ ጥቅም ማስተማር አያስፈልግም፤ የት እንደሚገኝ መንገር ብቻ ይበቃል። ከሩቆቹ መካከል በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚኖረው ሰፊ የኦሮሞ ማኅበረሰብ የብዙ ጀማሪዎችን ዓይን ይስባል፤ ይሁንና ምግብን ድንበር ማሻገር የኳራንቲን ፈቃድ፣ የማሸግና የጉምሩክ ጣጣ ስላለው፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ሚኒያፖሊስ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው የአክስት ልጅ ቢሆን የተሻለ ነው።

የመንገዱ ሒሳብ ከዚህ ይጀምራል። ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ኪሎ አንጮቴ በአውቶቡስ ረዳት በኩል መላክ፣ ደርሶም ከመናኸሪያ ወደ ቤት በሞተር ማድረስ፣ ከምርቱ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። የሚያዋጣው ትእዛዞችን አሰባስቦ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ጆንያ መላክ፣ አዲስ አበባ ላይም የሚቀበልና የሚያከፋፍል የታመነ ሰው ማግኘት ነው፤ የመላኪያው ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ገዢውም መጠበቅን ይለምዳል። ለምሳሌ አንዲት ሻጭ 60 ቋሚ ገዢዎች ቢኖሯትና ሁሉም ወጪ ተቀንሶ ከእያንዳንዳቸው በወር 200 ብር ቢተርፋት፣ የወሩ ገቢዋ 12 ሺህ ብር ይሆናል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኬቨን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የኪነ ጥበብ ሰው በዓመት መቶ መቶ ዶላር የሚያወጡለት አንድ ሺህ እውነተኛ ወዳጆች ቢያገኝ ለኑሮው እንደሚበቃው ባሰላበት ታዋቂ ጽሑፉ ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው፤ የነቀምቷ ሻጭ ሺህ እንኳ አያስፈልጋትም። አሥር ሺህ ተከታይ ኖሮት በሳምንት ሁለት ሰው የሚገዛው ቻናል በብዛቱ ከሚያስደንቅ በቀር ለባለቤቱ የሚያደርገው ነገር የለም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ገዢ ከጥንትም ስም አለው። «ደንበኛ» የሚለው ቃል ትክክለኛ፣ እውነተኛ ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ ከአንድ ሻጭ ብቻ የሚገዛን ሰውም ያመለክታል፤ የቅቤ ገዢና የቅቤ ነጋዴ ግንኙነት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ቅቤ በዓይን ብቻ አይታመንም፤ ስለዚህ ገዢዋ አንዴ ካመነቻት ነጋዴ ጋር ለዓመታት ትዘልቃለች፣ ለጎረቤቷም ትጠቁማታለች፣ ነጋዴዋም ለደንበኛዋ ለጋውን ትደብቅላታለች። በኢንተርኔት የሚሸጥ ምግብም አይቀመስም፣ አይሸተትም፤ በመሆኑም የኦንላይን ሻጭ ለመገንባት የሚደክምለት እምነት የቅቤ ተራዋ እናት ያለ ስልክ የገነባችው ነው።

የአንጮቴ ወቅት ሲያልፍ ቻናሉ ዝም እንዳይል ለዚያው ገዢ የሚሆን ሌላ ነገር ማሰብ ያሻል፤ የወለጋ ማር፣ ለጭኮ የሚሆን ገብስ፣ ወይም በነጭነቱ ከሚታወቀው ከሑመራው በተለየ በዘይት ይዘቱ የሚፈለገው የወለጋ ሰሊጥ ሊጨመር ይችላል። እዚህ ላይ የሚሰፋው ሸቀጡ እንጂ ገዢው አለመሆኑ ቁም ነገሩ ነው።

በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ፊደል

ሌላው ጀማሪዎች በቸልታ የሚያልፉት ጉዳይ ቋንቋ ነው። ነቀምት ከኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ጋር የተሳሰረች ከተማ ናት፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ያሳተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣው ወደዚህ ሲሆን፣ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚሁ ኖሯል። መጽሐፉ ሲታተም ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ በሚሊዮን ሲቆጠር፣ በቋንቋው ማንበብ የሚችለው ግን እፍኝ አይሞላም ነበር፤ አናሲሞስና ባልደረቦቹ አንባቢውን ማንበብ እያስተማሩ አፈሩት። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ ሲጻፍ፣ ዛሬ አንባቢው ሞልቶ በቋንቋው በጥንቃቄ የተዘጋጀ የሸቀጥ መግለጫ የሚያቀርበው ሻጭ ጥቂት ሆኗል። የሚበዙት ቻናሎች አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ኦሮምኛን ያለ ሥርዓተ ጽሕፈት እየደባለቁ ይለጥፋሉ።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው በጉግል ወይም በቲክቶክ የሚፈልገውን ሲጽፍ የሚጠቀምባቸው ቃላት፣ «የፍለጋ ቃላት» የሚባሉት፣ ከሻጩ ጽሑፍ ጋር ካልገጠሙ ገጹ አይገኝም፤ «አንጮቴ» ብሎ በግዕዝ ፊደል የሚፈልግ የአዲስ አበባ ነዋሪ በቁቤ ብቻ የተጻፈውን አያገኘውም፣ የሚኒሶታው ወጣት ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ የሸቀጡን ስም በሁለቱም ፊደል፣ ትክክለኛውን አጻጻፍ ጠብቆ ማስቀመጥ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ነው። በገንዘብ የሚሠራው ማስታወቂያ፣ ማለትም ፌስቡክን የመሰለ ድርጅት ተከፍሎት ልጥፉን ለተመረጡ ሰዎች የሚያሳይበት አሠራር፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ ብዙዎች ካርድ ባለው ደላላ በኩል ያስከፍላሉ፤ ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገዢዎች በዚህ መንገድ ለማግኘት ከሞከረ ገንዘቡ ማንን እንዳመጣለት ሳያውቅ ያልቃል።

ክፍያ፣ ደረሰኝና ሕግ

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ ከእርሱ በፊትና በኋላም የባንኮች የሞባይል አገልግሎቶች፣ በነቀምትና በአዲስ አበባ መካከል ገንዘብ ማዘዋወርን የደቂቃ ሥራ አድርገውታል። ከዚሁ ጋር አዲስ ማጭበርበሪያ መጥቷል፤ ገዢ መስሎ የቀረበው ሰው ተቀናብሮ የተሠራ የ«ተሳክቷል» ምስል ልኮ ዕቃውን ይረከባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚታመነው የተላከው ፎቶ ሳይሆን በሻጩ በራሱ ሒሳብ ላይ የታየው ገንዘብ ብቻ ነው። በሌላ ወገን ገዢውም ገንዘቡን ቀድሞ ልኮ የመበላት ስጋት ስላለበት፣ አዲስ ሻጭ ለመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች ክፍያውን ዕቃው ሲደርስ መቀበልን ቢመርጥ፣ የሚያጣው ጥቂት ገንዘብ የሚያገኘውን ስም አያህልም።

ሕጉን በተመለከተ ጀማሪዎች ከሚያስቡት በላይ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ተመዝግቦ ፈቃድ ማውጣት ያለበት ሲሆን፣ ሱቁ በስልክ ውስጥ መሆኑ ከዚህ ግዴታ አያወጣውም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውል ሕጋዊ ዋጋ እንዳለው ስለሚደነግግ፣ በቴሌግራም የተሰጠ ቃል ዋዛ አይደለም። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቡና ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ ሳያውቅ «አንደኛ ደረጃ የጊምቢ ቡና በቀጥታ ከገበሬው» ብሎ የሚለጥፍ ወጣት፣ ማስታወቂያ ያወጣ መስሎት በራሱ ላይ ማስረጃ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። አንጮቴ ሻጯም ብትሆን ካልሲየም አለው ማለትና የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ማለት የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ይኖርባታል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ከሕጉም ባሻገር አጥንቱ ሳይጠገን የቀረ ደንበኛ አይመለስም።

ጠባብ ገበያ ሲነገር አብሮ የሚመጣው «አፊሊየት» የሚባለው አሠራር ነው፤ የሌላውን ሸቀጥ አስተዋውቆ ከሽያጩ ኮሚሽን መውሰድ ማለት ሲሆን፣ አገሬው ድለላ ብሎ ያውቀዋል፣ በራሱም ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው ክፍያው ከተሸጠው ዕቃ ሳይሆን ከተመለመለው ሰው ብዛት የሚታሰብ ሲሆን ነው። አዲስ ገቢ ሰው የመግቢያ ገንዘብ የሚከፍልበት፣ ትርፉም ሌሎችን በማስገባት የሚገኝበት ይህ የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ቢሆንም፣ «የኦንላይን ሥራ» በሚል ስም በየዩኒቨርሲቲው ደጃፍ መዞሩን አላቆመም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ነገ አዲስ ሰው ባይመጣ ዕቃው ለራሱ ሲባል የሚገዛው ይኖራል ወይ?

መስመሩ ሲቋረጥ

ወለጋ ስለ ኦንላይን ንግድ ማንም ሊማርበት የሚገባ ትምህርት ያገኘችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በቄለም፣ በምዕራብና በምሥራቅ ወለጋ እንዲሁም በሆሮ ጉዱሩ ኢንተርኔት፣ በብዙ ስፍራም የስልክ መስመር ጭምር ተቋርጦ ቆየ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ደግሞ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ሱቁን በገጽ ላይ ብቻ ያቆመ ነጋዴ በእነዚህ ወራት ሱቅም ገዢም አልነበረውም። የመስመር መቋረጥ ባይኖር እንኳ መለያው ሊሰረቅ፣ ገጹ በድርጅቱ ውሳኔ ሊዘጋ፣ ተከታዩም ወደ ሌላ መድረክ ሊሄድ ይችላል፤ ተከታዮቹን የሚያውቃቸው መድረኩ እንጂ ባለ ገጹ አይደለምና።

የቡናው ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ገዢዎቹን በስም የማያውቅ የቻናል ባለቤት በ«ለቀምት» ጆንያ ውስጥ ምርቱ የተደባለቀበትን ገበሬ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ትእዛዝ አንሥቶ የገዢውን ስም፣ ፈቃዱ ሲሆን ስልኩን፣ የሚኖርበትን ሰፈር፣ የገዛውን መጠንና የገዛበትን ቀን፣ ቅሬታ ካለውም ቅሬታውን፣ መስመር ቢጠፋ በማይጠፋ ተራ ደብተር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጥቅል ሲላክም የሻጯ ስምና ስልክ በሁለቱም ፊደል የሰፈረበት ቁራጭ ወረቀት ውስጡ ቢገባ፣ በሚቀጥለው መስከረም አንጮቴ ያማረው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም የሚደውልበት ቁጥር በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል።